የደረጃው ልክ

መሮ በሕፃናት ዕቃ ሱቅ ወለል ላይ ተንበርክኮ የሕፃን አልጋውን ጎን በጣቱ አንጓ አንኳኳ። ጆሮውን አስጠግቶ ደግሞ አንኳኳና ፊቱን አጨማደደ።

"ሰማሽው?" አለ ሚስቱን። "እንጨት እንዲህ አይጮህም። ይሄ ብናኝ ነው። መጋዝ ቤት ጠርጎ የሚጥለውን በሙጫ ለውሰው፣ ላዩ ላይ የእንጨት ፎቶግራፍ ለጥፈውበት ነው።"

ሚስቱ ያበጠ እግሯን ከጫማዋ አውጥታ በሱቁ ውስጥ በተገኘችው አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ስምንት ወር ከግማሽ ሆኗታል። "ሰምቻለሁ" አለች በቀስታ፤ "ሱቁም በሙሉ ሰምቷል።"

እውነትም ሰምቷል። መሮ ቀስ ብሎ መናገር አይችልበትም። ሠፈርተኛው መሮ ብሎ የሰየመው አናጢ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ምላሱም የነካውን ሁሉ ስለሚቦረቡር ነው። የሌላ አናጢ ሥራ አይቶ ዝም ብሎ ያለፈበት ቀን የለም። ሰው ቤት በእንግድነት ሄዶ እንኳ የተቀመጠበትን ወንበር ገልብጦ ካላየ አይሆንለትም። ሚስቱ ስንት ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እንዳለች የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

የዛሬው ሱቅ ደግሞ ለዚህ ምላስ ሠርግና ምላሽ ሆኖለታል። ከገቡ ጀምሮ ያልተሳለቀበት ዕቃ የለም። ገና አንገቱን ማቆም ለማይችል ፍጡር የተሰፋ ባለማሰሪያ የቆዳ ጫማ አለ። የሕፃን ቂጥ መጥረጊያውን በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ ሣጥን አለ። ልጁ ሲያለቅስ "ልጅዎ እያለቀሰ ነው" ብሎ በስልክ የሚያሳብቅ መሣሪያም አለ። መሮ ይህን የመጨረሻውን አንስቶ ወደ መብራቱ አቅርቦ አየና፣ እኛ ባለን ሁለት ክፍል ቤት ልጅ ሲያለቅስ የማይሰማ የሞተ ሰው ብቻ ነው ብሎ ወደ ቦታው መለሰው። ገዢዎቹንም አልማራቸውም። አንድ ባልና ሚስት ጋሪ እየገፉ በመደርደሪያዎቹ መሃል ሲመላለሱ አይቶ፣ ልጅ ሳይሆን መኪና ነው የሚወልዱት አለ። ሰዎቹ ሰምተው ገልመጥ አደረጉት፤ ለእሱ ግን ጉዳዩም አልነበረም።

ወደዚህ ሱቅ ጎትተው ያመጧቸው የሚስቱ ታላቅ እህት ናቸው። መድኃኒት ቤት አላቸው፤ ሦስት ልጅ አሳድገዋል፤ እንግዲህ የማያውቁት ነገር የለም። መሮ ፊት ለፊት "እትዬ" ይላቸዋል፣ ከመቀመጫውም ይነሣላቸዋል። በሆዱ ግን ስማቸው ወይዘሮ አስተያየት ነው። የእነመሮን መጋረጃ ቀለም፣ የሚስቱን ፀጉር፣ የእሱን ጺም፣ የሚያድርበትን ጎን ሳይቀር አስተያየት ሰጥተውበታል። ስጦታቸውን ለመቀበል የተስማማው በአንድ ቃል ነው፤ እትዬ የፈለጉትን ይግዙ፣ አልጋ ግን የእኔ ነው። እሳቸውም እሺ ብለው ነበር። ይኸው አሁን አልጋው ፊት ቆመው፣ ይህንንም በእኔ ሒሳብ አድርጉት አሉ። መሮ የተንበረከከው ይህን ጊዜ ነው።

አልጋውን ሠርቶ ጨርሷል። ልጅ ሳይወልዱ ስድስት ዓመት ጠብቀዋል፤ ከዚያ ውስጥ ሦስቱን ዓመት መሮ ለዚሁ ብሎ ያስቀመጠው እንጨት በጥላ ሲደርቅ ከርሟል። ሁለት ወር ሙሉ የሰው ሥራ እየጨረሰ፣ በየማታው የልጁን አልጋ ላገ፣ ወለወለ። አንድ ሚስማር አልመታበትም፤ ሁሉም ስክ በስክ ነው። የጎኖቹን ዘንጎች ያራራቀው ደግሞ፣ ሙያ ካስተማረው ሽማግሌ በወረሳት ቁራጭ እንጨት ነው። ሽማግሌው ሲሞት ለመሮ የተወለት ያችን ቁራጭና አንድ መዶሻ ብቻ ነበር። በሠፈሩ ያለ የደረጃ መደገፊያ ሁሉ በእሷ ልክ ነው የተሠራው። ስፋቷ አራት ጣት ነው፣ ያውም የአናጢ አራት ጣት። መሮ በየዘንጉ መሃል ሜትር እየዘረጋ የሚለካ አናጢ ሲያይ፣ ሙያ ከእጅ ካልገባ ከሱቅ አይገዛም ብሎ ይስቅበታል።

"ሦስት ዓመት ዋስትና አለው" አለች ሻጯ። ጥፍሯን ያስረዘመች፣ ቶሎ የማትቆጣ ወጣት ናት። ባንኮኒው ላይ የጀመረችው የለስላሳ ቆርቆሮ ተቀምጧል።

"ዋስትና!" አለ መሮ እየተነሣ። "እኔ የሠራሁት የልጅ ልጁንም ያስተኛል። ዳቦ ጋጋሪዋን ጠይቂያት።" ሻጯ ዳቦ ጋጋሪዋን ከየት ታውቃት! ከመሮ ቤት ሥር ዳቦ ቤት ያላት የሚስቱ ጓደኛ ናት። "ልጇ አራት ወሩ ነው። ከተወለደ ጀምሮ እኔ በሠራሁለት አልጋ ነው የሚተኛው። መገላበጥ ጀምሯል፤ እግሩን በዘንጎቹ መሃል አውጥቶ ይጫወታል። እዚህ ውስጥ ገብቶ ቢሆን እግሩ ቀርቶ ትንፋሹም አይወጣ። ምንድን ነው እንዲህ ያጣበቃችሁት? አልጋ ነው እስር ቤት?"

"እግሩን ያወጣል?" አለች ሻጯ።

"እስከ ጉልበቱ" አለ መሮ ኮራ ብሎ።

ሻጯ ዞር ብላ ቆርቆሮዋን አመጣችና በአልጋው ሁለት ዘንጎች መሃል ለማስገባት ገፋችው። ቆርቆሮው አልገባም።

"ጋሼ፣ የተጠበበው ሆን ተብሎ ነው" አለች። "ይሄ ቆርቆሮ የሚያልፍበት አልጋ ለሕፃን አይሆንም። ቆርቆሮው ካለፈ የልጁ ገላ ያልፋል። ጭንቅላቱ ግን አያልፍም።"

"እና?"

"እናማ አንገቱ ይያዛል። ሥራ ስንጀምር ነው ያስተማሩን። መጀመሪያ እግሩ ይወጣል፣ ከዚያ ወገቡ ይከተላል። ማልቀስም አይችል፤ ሰው አይሰማውም።"

መሮ መቼም መልስ አያጣም። አሁንም አፉን ከፈተ። እጁ ግን ከአፉ ቀደመና ወደ አልጋው ዘንጎች ሄደ። ሁለት ጣት ገባ፤ ሦስተኛው ተጨናንቆ ገባ፤ አራተኛው እምቢ አለ። ቤት ባለው አልጋ አራቱም ይገባሉ። በዳቦ ጋጋሪዋም አልጋ እንደዚያው ነው። አንዲት ቁራጭ ናት ሁሉንም የለካችው።

"ያንተስ ክፍተቱ ስንት ነው?" አሉ ወይዘሮ አስተያየት።

"ልክ ነው" አለ መሮ።

"ስንት ነው ነው ያልኩህ።"

ሚስቱ ከወንበሯ ላይ ጣልቃ ገባች። "እትዬ፣ እባክሽ ተይው። ባሌ የሠራው ይበቃኛል። አፉ ስንቴ አሳፍሮኛል፣ አልዋሽም። እጁ ግን አንድ ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም።"

መሮ ይህን ከሚሰማ በጥፊ ቢመታ ይሻለው ነበር። አየር ልውሰድ ብሎ ወጣ።

ውጭ መንገዱ በምሳ ሰዓት ሰው ተሞልቷል። የዳቦ ጋጋሪዋን ባል ቁጥር አውጥቶ ደወለ። ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። ሰውየው ሌሊቱን ሲጋግር ያድርና ቀን እንደ ሬሳ ነው የሚተኛው። ደግሞ ደወለ። የእሷ ቁጥር ያለው ከሚስቱ ዘንድ ነው። ሰዓቱን አየ፤ ስድስት ተኩል ሆኗል። የጠዋቱ ዳቦ ተሽጦ ሲያልቅ ልጁን አስተኝታ ሱቋን ትጠርጋለች። ስንት ቀን በዚያ ሲያልፍ ድምፅህን ቀንስ፣ ተኝቷል ብላዋለች።

አራት ወር ተኝቶበት ምን ሆነ? አለ መሮ ለራሱ። ዛሬ ማታ ሄጄ ልወልውለው ብዬ እወስደዋለሁ፤ በየመሃሉ አንዳንድ ዘንግ እጨምርበታለሁ፤ ማንም ሳያውቅ ይመለሳል። የቤቱንም እንደዚያው። ሚስቴ አታፍር፣ ወይዘሮ አስተያየትም የዕድሜ ልክ ወሬ አያገኙ። ሐሳቡ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ማታ ድረስ ግን ስድስት ሰዓት አለ። እስከ ጉልበቱ ብሎ የኮራበት እግር ደግሞ ከጉልበት በላይም አለው።

እስቲ ይህን ሌላ አናጢ ሠርቶት ቢሆን ምን ትል ነበር? ብሎ ራሱን ጠየቀ። መልሱ ወዲያው መጣለት፤ መቼም ለሰው ስድብ አጥቶ አያውቅም። የደረጃ መደገፊያና የሕፃን አልጋ የማይለይ፣ ሜትር መዘርጋት ውርደት የመሰለው፣ እንጨት አሳምሮ ወጥመድ የሠራ ገልቱ። ይህን ሁሉ አለ፣ አንዷንም አላጋነናትም። ይህም አልበቃው ብሎ፣ ልጁ እግሩን ሲያወጣ አጨብጭቦ የሳቀ ገልቱ። በሕይወቱ የናቀውን አናጢ ሁሉ ቢደምር ይህን ሰውዬ አያህልም።

የሱቁን መስታወት በር ከፍቶ ገባ።

"የዳቦ ጋጋሪዋ ስልክ አለሽ አይደል? ደውዪላት" አለ ሚስቱን።

"ለምን?"

ዳቦ እንድታስቀምጥልን ማለት ይችል ነበር። ወይዘሮ አስተያየት ትንሽዬ ካልሲ በእጃቸው ይዘው ቆመው እያዳመጡ ነው። ሻጯም አለች።

"ልጇን ከአልጋው ታውጣው" አለ። "በደረጃ ልክ ነው የሠራሁት። ቆርቆሮው ያልፋል።"

ሚስቱ ትክ ብላ አየችው። እጇ ወደ ሆዷ ሄደ። "የእኛስ?"

"የእኛም።"

ሌላ ቃል ሳትጨምር ቁጥሩን ደወለችና ስልኩን ሰጠችው። "ራስህ ንገራት" አለች።

ዳቦ ጋጋሪዋ ወዲያው አነሣች። መሮ ሰላምታም አላቀረበም። ልጁ የት እንዳለ ጠየቃት።

"ተኝቷል። ምነው?"

"የት ነው የተኛው?"

"አልጋው ላይ ነዋ፣ የት ይተኛል?"

"ሂጂና አንሺው። አሁን። ስልኩን እንዳትዘጊ።"

ምን ሆነሃል ብላ ጀመረች። ግን መሮ በዚህ ዓይነት ድምፅ ሲያናግራት ሰምታ አታውቅምና አቋርጣ ሄደች። የጫማዋ ድምፅ ተሰማ፣ በር ተከፈተ። ከዚያ ምንም የለም። መሮ ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ፣ ብናኝ ብሎ በሰደበው አልጋ ጠርዝ ላይ ሌላ እጁን አሳርፎ ቆመ። የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ ጀምሮ አንዱንም አልጨረሰም።

ልጁ አለቀሰ። ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ፣ የተናደደ ለቅሶ ነበር።

"ቀሰቀስክብኝ" አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። "ደግሞ አንድ እግሩ እስከ ጭኑ ድረስ ወጥቶ ተቀርቅሮ ነበር፣ ስጎትተው ነው የነቃው። ምንድን ነው ነገሩ?"

"ተሳስቼ ነው የሠራሁት" አለ መሮ። "ዘንጎቹን አራርቄያቸዋለሁ፤ አንገቱ ይያዝበታል። እስክመጣ ድረስ አብሮሽ ይሁን፣ እንዳትመልሺው።"

ልጁ ማልቀሱን ቀጥሏል። ከዚያ በሌላ ድምፅ፣ አንተ መሮ፣ አራት ወር ሙሉ አለችውና ሳትጨርሰው ዘጋች። ማታ ዳቦ ሊገዛ የሚመጣው ሠፈር ሁሉ ይህን እንደሚሰማ መሮ አልጠፋውም። ይገባኛል ብሎ ስልኩን ለሚስቱ መለሰ።

ከወይዘሮ አስተያየት የሚመጣውን ጠበቀ። ካልሲውን መደርደሪያው ላይ መልሰው አስቀመጡ፤ ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ። ካወቃቸው ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተያየት አልነበራቸውም። ሚስቱ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ለማድረግ ስትታገል አይቶ፣ ተንበርክኮ አደረገላት። ራሱን አልዳበሰችውም፤ እግሯንም አልሰበሰበችም።

"ሁለት አልጋ" አለ ሻጯን ሲነሣ። "አንዱን እትዬ ይከፍላሉ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ። ሌላውን እኔ። የእኔው ዛሬ፣ አሁን ነው የሚሄደው፤ ወደ ዳቦ ቤት።"

"ፈቃዴ ነው" አሉ ወይዘሮ አስተያየት።

ሻጯ ደረሰኙን እየጻፈች፣ ሠራተኞቻችን ቤት ድረስ አምጥተው ይገጥሙልዎታል፣ በዋጋው ውስጥ ነው አለችው። መሮ ካርቶኖቹን ገልመጥ አደረጋቸው። የተለጠፈባቸው ሥዕል ላይ አንድ ሕፃን ይስቃል። ከውስጥ ያለው አሁንም ብናኝ ነው፣ ሙጫውም ሙጫ ነው፤ በዚያ ሐሳቡን አልቀየረም።

"ማንም አይገጥመውም፤ እኔ ነኝ የምገጥመው" አለና አንዱን ካርቶን ትከሻው ላይ አወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። "ቆርቆሮሽን ስጪኝ፤ ከእንግዲህ በእሱ ነው የምለካው።"

"አልጨረስኩትም እኮ።"

"እጠብቅሻለሁ" አለ መሮ።

ሻጯ የቀረውን ጠጥታ ባዶውን ሰጠችው።