ከሥዕሉ ግርጌ በስተግራ

ልብንና ኵላሊትን የሚመረምር፣ ዘመን የማይቈጠርለት አምላክ አስቀድሞ ያወቀውን እኛ ዘግይተን እንሰማለን።

አምብሮስ ፌል ካረፈ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አስከሬኑ ለንደን ካለው ቤቱ ገና አልወጣም፤ ለቀስተኞች ቅመም የገባበት ትኩስ ወይን እየተጎነጩ ያወሱታል።

«የልብ ወለድ ልጃገረዶችን እንደ እሱ አድርጎ የሚሥል ከየት ይገኛል?» አለች አንዲት ጎረቤት።

«ስድስት ጣት ያላትንም ጭምር!» አለ ሌላው፤ ሳቁን በጓንቱ አፈነ።

የሟች ሚስት ወንድም ጆሳያ ፒም አንገቱን ደፋ። አምብሮስ በወረቀት የነደፈውን ሁሉ ሃያ ዓመት ሙሉ በመዳብ ላይ የቀረጸ እሱ ነው። በታተመ ሥዕል ግርጌ የነዳፊው ስም በግራ፣ የቀራጺው በቀኝ ይሰፍራል። ሰው ደግሞ የሚያነበው ከግራ ነው፤ «አምብሮስ ፌል» ብሎ ገጹን ይገልጣል። ይህ ነገር ጆሳያን እንደ ብል በላው። አማቹ ጣት መንደፍ አይሆንለትም ነበርና፣ ጆሳያ ሁልጊዜ በዝምታ የሚያቃናለትን ስሕተት አንድ ጊዜ፣ ስድስት ጣት እንደተነደፈ፣ እንዳለ ቀረጸው። ከተማው ሁሉ ሳቀ። አምብሮስ ግን በማግስቱ እንደ ወትሮው ቢራ ይዞለት መጣ፤ የወቀሳ ቃል አልወጣውም።

መጽሐፍ ሻጩ ቶርንክሮፍት ጆሳያን ወደ መስኮቱ ሳበው።

«በመጨረሻው ሥዕል የልጅቱ ፊትም እጅም ባዶ ነበር፤ የሞላኸው አንተ ነህ። በግራም በቀኝም ያንተን ስም አስገባና እንገላገል። ሙት አይከስም!»

ጆሳያ ሃያ ዓመት የተመኘው ይህን ነበር።

እኅቱ ሄስተር ሰምታ ኖሮ ቀረበች።

«የፈቀድከውን አድርግ ወንድምዬ። እሱም ቢሆን አይቀየምህም።»

«በምን ዐወቅሽ?»

«የስድስተኛዋን ጣት ነገር ዐውቆ ነበራ! ‹ሆን ብሎ ነው፤ እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ሰባት አደርግላት ነበር› እያለ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በአንተ ይቀና እንደነበርስ? የታተመው ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያየው ቀኙን ጥግ ነው። ‹ይኼ ሰው መዳብ ያስተነፍሳል!› ይልና ያን ቀን እራት አይበላም።»

ጆሳያ ተነሣ። ወደ ሥራ ቤቱ ሄዶ መዳቡን ከፊቱ አኖረ። ፊደሉን ሲታተም እንዲቃና መዳብ እንደሚፈልገው ገልብጦ፣ በነዳፊው ቦታ «አምብሮስ ፌል» ብሎ ቀረጸ። ብናኙን ሊነፋ ጐነበሰ፤ ትንፋሽ ግን አጠረው። የሟች ዐይን እንደሚከደን አድርጎ፣ ስሙን በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ጠረገው።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ቅንዓት ከደጃችሁ ይመለስ፤ ከማዕዳችሁ ዙሪያ ሰው አይጉደል፤ የሰላም አምላክ ቤታችሁን ይባርክ።