የቀረችው አንዲት ልጣፊ

አዋላጇ ምጥ ወደያዛት ሴት ስትበር የብስክሌቷ የኋላ ጎማ መንገድ ላይ ተነፈሰ። የምጠኛዋ ባል ደወለ።

«እህቴ፣ የት ደረስሽ?»

«ደርሻለሁ፣ አይዞህ» አለችው፣ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ሆና።

ብስክሌቷን ገልብጣ የውስጡን ጎማ አወጣች። ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋ ማስቲሽ ቀባች፤ የቀረቻትን አንዲት ልጣፊ ለጠፈችና ነፋችው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ፣ ጥቂት እንደነዳች ጎማው ዳግመኛ ተኛ።

ጣቷን በውጪው ጎማ ውስጥ የሰደደችው ያኔ ገና ነው። ጎማውን የበሳው እሾህ እዚያው ተሰክቶ ኖሯል። «ቁስል ውስጡ ሳይጸዳ አይታሸግም» እያለች ሰዉን ሁሉ ስትቆጣ የኖረችው ደግሞ እሷው ናት።

ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ደርሻለሁ» አለች፣ ብስክሌቷን ቦይ ውስጥ ጥላ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ እየሮጠች።