አንድ በርሜል የባሕር ዛፍ ውኃ

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ገብረሕይወት ማስጠንቀቂያውን ያነበቡልን በመስከረም መጨረሻ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ጎመኑ መካከል ቆመው ነው። ጎመኑ ግን አይታይም ነበር፤ አረሙ ጉልበታቸው ድረስ ደርሷል።

«ጥቅምት ሃያ አምስት ከከፍተኛው ጎብኚዎች ይመጣሉ» አሉ። «ያን ቀን ማሳው እንዲህ ከሆነ መሬቱ ለቀበሌው ሱቅ መጋዘን ይሠራበታል። ተወስኗል።»

መሬቱ ከአራት ኪሎ ቁልቁል፣ ከግንፍሌ ወንዝ በላይ ያለ የሴቶች ማኅበራችን እርሻ ነው። የመጀመሪያውን መደብ የቆፈረው ባለቤቴ እምሩ ነበር። ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ከዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ስወጣ በዚያ ሳላልፍ ቤቴ አልገባም። መጋዘን ሲቆምበት ለማየት አቅም እንደሌለኝ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ሰገነት አትክልት ተራ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ለምላሷ ልጓም የላትም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኛ ሰነፍን እንዴ? እሑድ እንነቅለዋለን፣ ረቡዕ ተመልሶ ይመጣል። እንደ እርስዎ ስብሰባ ነው፤ አያልቅም።»

እሳቸው እንዳልሰማ ሆነው ወረቀቱን አጠፉ።

የአረም ኬሚካል አይታሰብም። የሚታደለው ለመንግሥት እርሻዎች ነው፤ ቢደርሰንም ከታች በወንዙ ልብስ የሚያጥብ፣ ከብት የሚያጠጣ ሰው አለ። ቤት እንደገባሁ የእምሩን ደብተር አወጣሁ። በመጨረሻው የተጻፈበት ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ባሕር ዛፍ ሥሩ ሣር አያስጠጋም። ቅጠሉ ተዘፍዝፎ ውኃው መሬት ላይ ቢረጭ የአረም ዘር እንዳይበቅል ያደርግ ይሆን? በማሳ ይሞከር።» ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ባዶ ነው።

ሞከርኩት። ሁለት መደብ አረምን፤ አንዱን በባሕር ዛፍ ውኃ፣ ሌላውን በተራ ውኃ አራስኩ። የጎመን ችግኞቹን ውኃው እንዳይነካቸው በእያንዳንዳቸው ላይ ባዶ የቲማቲም ጣሳ ደፋሁ። ሰገነት ወገቧን ይዛ ስታይ ቆየች።

«እትዬ ዓለምጸሃይ፣ ለጎመን ባርኔጣ ማልበስ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያስተምሩት?»

በዐሥረኛው ቀን በተራ ውኃ የራሰው መደብ አረንጓዴ ለብሷል። በሌላው ላይ ከጎመኑ በቀር እዚህም እዚያም አንዳንድ ቡቃያ ብቻ ነበር። ሰገነት ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ ጫረች። ወዲያው ተነሥታ በርሜልና ጣሳ ፍለጋ ወደ ፒያሳ ሮጠች።

ባለሱቁ ሸምሰዲን ባዶ በርሜልና አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ጣሳ ሰጠን። ከእንጦጦ ከሚወርዱት ቅጠል ተሸካሚ ሴቶች አራት ሸክም ገዝተን ዘፈዘፍን። እሑድ መላው ማኅበር ወጥቶ አርሞ ሊረጭ፣ በርሜሉን በማሳው በር አጠገብ በመንገዱ ዳር አቆምነው። ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ ክዳኑን ሳነሣ ከሥሩ የቀረው አንድ ጣሳ የማይሞላ ውኃና ቅጠሉ ብቻ ነው።

«ተሰረቅን!» አለች ሰገነት።

«ውኃ ማን ይሰርቃል?» አልኩ።

መልሱን ነፋሱ አመጣው። ሠፈሩ በሙሉ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸት ነበር። የጥቅምት ብርድ ገብቶ ያልሳለ፣ ያላስነጠሰ ሰው የለም፤ ለጉንፋን ደግሞ ባሕር ዛፍ አፍልቶ መታጠን የማያውቅ የአራዳ ሰው አይገኝም። መንገድ ዳር የተዘፈዘፈ ቅጠል ያየ ሁሉ ቀበሌው ለሕዝቡ ጤና ያዘጋጀው መስሎት ማሰሮውን ይዞ መጥቷል። ሽታውን ተከትለን ቤት ለቤት ብንገባ ሁሉም ፎጣ ተከናንቦ በእንፋሎት ላይ አጎንብሷል።

የመጨረሻው ቤት የጓድ ገብረሕይወት ነበር። ጋቢ የተከናነበ ሰው ባልዲ ላይ ተደፍቶ ያስነጥሳል።

«እግዜር ይማርዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች ሰገነት። «መድኃኒቱን እንዴት አገኙት?»

ጋቢው ተነሣ። ላብ በላብ የሆነ ቀይ ፊት ወጣ። «ግሩም ነው። የትኛው ኮሚቴ ነው ያዘጋጀው?»

«እርስዎ መሬቱ ላይ መጋዘን ሊሠሩበት ያሰቡት ማኅበር።»

ነገሩን ሳስረዳቸው ባልዲውንና እኔን ደጋግመው አይተው አፈሩ። ለማፈር ጊዜ አልነበረንም፤ አዲስ ቅጠል ዘፍዝፎ ሦስት ቀን መጠበቅ ጎብኚዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ውጤት እንዳናይ ያደርገናል። እየተናገርኩ ሳለ ግን ከባልዲው የሚወጣውን እንፋሎት አየሁ። መዘፍዘፍ ለምን? ሠፈሩ በሙሉ ማፍላቱን ያውቅበታል።

«የወሰደ ሁሉ» አልኩ፣ «ነገ አንድ ማሰሮ ባሕር ዛፍ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ ይዞ ይምጣ።»

«መመሪያ አስተላልፋለሁ» አሉ ሊቀመንበሩ፣ በእፎይታ። «ያልመጣ ይቀጣል።»

«ከራስዎ ይጀምሩ እንግዲህ» አለች ሰገነት።

እሑድ ጠዋት ማሰሮ፣ ድስት፣ ባልዲ ይዞ ያልመጣ የለም። ሊቀመንበሩ ሁለት ባልዲ ራሳቸው ተሸክመው ነው የመጡት። አረሙ ከተነቀለ በኋላ ሸምሰዲን ችግኞቹ ላይ ጣሳ እየደፋ ይቀድማል፣ ሴቶቹ በዛፍ ቅርንጫፍ እየረጩ ይከተላሉ። «ጠበል ጠበል!» እያሉ እርስ በርስ ተረጫጩ፤ ስንት ጊዜ እንደተቆጣሁ አላስታውስም። እየሳቅኩ ስለነበር የሰማኝ የለም።

ጥቅምት ሃያ አምስት ጎብኚዎቹ ሲመጡ በመስመሮቹ መካከል ጥቁር አፈር ይታይ ነበር። በዳር በዳሩ ግን ሰርዶ ቀርቷል። የቡድኑ መሪ ቆም ብለው አዩት።

«ይኸስ?»

ጓድ ገብረሕይወት ወደ እኔ ዞሩ። «ሰርዶን ውኃው አይነካውም» አልኩ። «ሥሩ ጥልቅ ነው፤ በእጅ እንነቅለዋለን።»

«እኔም አብሬ እነቅላለሁ» አሉ ሊቀመንበሩ ፈጥነው። «መጋዘኑ ሌላ ቦታ ይፈለግለታል።»

የቡድኑ መሪ ሊመልሱ አፋቸውን ከፍተው በምትኩ አስነጠሱ። ሰገነት ሄዳ ማሰሮ አመጣች።

ቤት ስገባ ደብተሩን ከፈትኩ። ከእምሩ ጽሕፈት ቀጥሎ ባለው ባዶ ገጽ ላይ፣ «በማሳ ተሞከረ። ይሠራል። ሰርዶን አይነካም» ብዬ ጻፍኩ። ጥቂት አሰብኩና አንድ መስመር ጨመርኩበት፤ ቢያነበው በጣም ይስቅ ነበር።

«በርሜሉ ለጉንፋን ከሚመጡ ሰዎች በራቀ ቦታ ይቀመጥ።»