ድራም አይቆምም

አምሀ ቡታጅራ የገባው ጊታሩን ጭኑ ላይ አስደግፎ፣ አምፕሊፋየሩን የሚኒባሱ ፖርቶመጋላ ላይ ከበርበሬ ጆንያ ጋር አስጭኖ ነው። ሮክ እየተጫወተ ከከተማ ከተማ ሲዞር ፀጉሩ አልቋል። አሳታሚም ማናጀርም ኖሮት አያውቅም፤ አዳራሽ የሚለምነው ራሱ፣ ፖስተር የሚለጥፈው ራሱ፣ ሽቦ የሚጠቀልለው ራሱ ነው። ቅዳሜ ወልቂጤ ይጫወታል። በልቡ ግን ቆርጦ ነበር፤ ሰይዶ አብሮት ካልወጣ ይህ የመጨረሻው ጉዞ ይሆናል።

ሰይዶ የድሮ ድራመሩ ነው። አባቱ ሲሞቱ የበርበሬ ወፍጮ ቤታቸውን ተረክቦ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አምሀ ድራሙን ከላፕቶፕ ነው የሚያወጣው። ላፕቶፑ አይሳሳትም፣ አይራብም፣ አያኮርፍም። አምሀን የሰለቸውም ይኸው ነው።

ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ አስነጠሰው።

«አሁንም አልለመድክም?» አለ ሰይዶ ከማሽኑ ጀርባ። ቅንድቡ ሳይቀር በብናኝ ቀልቷል።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም። ሃሊማ፣ ነይ እስቲ፣ ያ ፀጉራሙ መጥቷል።»

ሚስቱ ሃሊማ ወንፊቷን እንደያዘች ብቅ አለች። «ፀጉሩ የታለ?»

«መንገድ ላይ ቀረ» አለ አምሀ።

ከማሽኑ ጩኸት በላይ እየጮኸ የመጣበትን ነገረው። ሰይዶ ግድግዳውን ተደግፈው ተራ የሚጠብቁትን ጆንያዎች በአገጩ አሳየው።

«የሰው አደራ ነው። ደግሞ ይህ እጅ አሁን የድራም ዱላ ቢሰጡት በርበሬ ይወቅጥበታል።»

«ለአንድ ቀን ነው።»

«ለአንድ ቀን ብለህ ቡኢ የወሰድከኝ ጊዜ፣ ስንት ዓመት ቆይቼ ተመለስኩ?»

በዚህ መሃል መብራት ሄደ። ማሽኑ እያቃሰተ ቆመ፤ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

ድሮ አምሀና ሰይዶ ከቡድናቸው ጋር በሚዞሩበት ሁሉ መብራት ሲሄድ ጊታሩም ማይኩም ይሞታል። ሰው ተነሥቶ እንዳይሄድ፣ መብራት እስኪመጣ ሰይዶ በጨለማ ብቻውን ይመታ ነበር። ድራም አይቆምም፤ የቡድኑ ሕግ ይህ ነበር። ጨለማ ውስጥ ግን ሰይዶ ይፈጥናል። መብራቱ ሲመለስ ሌሎቹ እየሮጡ ነበር የሚደርሱበት።

አሁን ሰይዶ ዝናቡ ስለመዘግየቱ ያወራል። አምሀ ወሬውን አልሰማም። የሰይዶ ጣቶች የተደፋ ጣሳ ላይ ይመታሉ፤ የድሮውን ምት፣ በድሮው ፍጥነት።

«ሰይዶ።»

«አቤት።»

«እጅህ።»

ሰይዶ እጁን የሌላ ሰው እንደሆነ ነገር አየው።

«መብራት በሄደ ቁጥር እንዲህ ነው» አለች ሃሊማ። «ጎረቤቱ መብራት መሄዱን የሚያውቀው በእሱ ነው። ጣሳ አጎድጉዶ ጨረሰብኝ።»

አምሀ ጊታሩን አወጣ። ያለ ኤሌክትሪክ ድምፁ የትንኝ ያህል ነው፤ ሴቶቹ ሳቁ። ቢሆንም ጣሳውን እየተከተለ ተጫወተ። ሰይዶ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ዘፈኑ መሃል ላይ መብራት መጣ፤ ማሽኑም አጓራ። ሰይዶ ተነሥቶ በርበሬውን መጨመር ጀመረ። አምሀም ዳግመኛ አልጠየቀውም።

ቅዳሜ ወልቂጤ መብራት አልሄደም። አምሀ ሳያውቀው መሄዱን ይጠብቅ ኖሯል። ገና ጥቂት እንደዘፈነ እጁን ሰዶ ላፕቶፑን ዘጋው። አዳራሹ ጭጭ አለ፤ አንዳንዱ መብራት የሄደ መስሎት ቀና ብሎ አምፖሉን አየ። አምሀ መድረኩን በተረከዙ መምታት ጀመረ። እግሩ ፈጠነበት። ጊታሩን ይዞ ሊደርስበት ሮጠ፤ ከኋላ ወንበሮች አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ቀጥሎም የተቀሩት።

በማግስቱ ሰይዶ ደወለ።

«መብራት ሄደ?»

«አልሄደም። ላፕቶፑን እኔው ዘጋሁት።»

ሰይዶ ከወፍጮው ጩኸት በላይ ጮኸ።

«ፈጠንክ?»

«ፈጠንኩ።»

«ደግ። ቀጥሎ የት ነው?»

አምሀ ወልቂጤ የመጨረሻው ነው ብሎ ስለነበር አላሰበበትም። «ቡኢ» አለ።

«ለአንድ ቀን?»

«ለአንድ ቀን።»

ሰይዶ ብናኙ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።