ሁለት ሥዕል ቀድማ

የወንድሟ ቀኝ ትከሻ ወደ ኋላ ሲሄድ አየችው። ክርኑ ተከተለ፣ ከዚያ መዶሻው። መሸሽ የነበረባት ያን ጊዜ ነው፤ እሷ ግን እንደ ልማዷ እንቅስቃሴውን በሥዕል ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በአራተኛው መዶሻው የሥዕል ጠረጴዛዋ መስታወት ላይ አረፈ። ከመስታወቱ ሥር ይበራ የነበረው አምፖል ጠፋ፤ ስብርባሪው እናቷ እስከተቀመጠችበት የስፌት መኪና ድረስ ተረጨ።

"ካርቱን!" አለ ወንድሟ። "ሃያ ሊሞላሽ ነው እኮ! ዕድሜ ልክሽን ድመትና አይጥ ስታሯሩጪ ልትኖሪ?"

ልጅቷ ስልኳን በመዳፏ ጨበጠች። አኒሜሽን እንድታጠና ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተቀብለዋታል፤ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት አንዱን መርጣ ማረጋገጥ አለባት። አንደኛው በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ከቤቷ እየተመላለሰች ትማራለች። ሌላው ሙሉ ቀን ያስኬዳል፤ ኑሮዋም እዚያው ይሆናል። አሁን አራት ሰዓት አልፏል።

"ቅርቡን ምረጪ። እያየሁሽ፣ አሁን።"

"ገና እያሰብኩ ነው።"

"ምን የሚታሰብ አለው? እኔ ብየዳ ቤት ስቃጠል ውዬ እመጣለሁ። አንቺ ከሄድሽ እናቴን ማን ይጠብቅልኛል?"

"ከማን ነው የምጠብቃት? ከሌባ?"

ከአፏ አመለጣት። ወንድሟ መዶሻውን ጥሎ የፀጉሯን ጉንጉን ያዘና ከግድግዳው ጋር አጋጫት። ጆሮዋ ጮኸ። ስልኩን ለመንጠቅ ጣቶቿን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ማጠፍ ጀመረ። ሌባ ጣቷ ቀጭ ሲል እናቷ የምትሰፋውን የተማሪ ልብስ ይዛ ተነሣችና መሃላቸው ገባች።

"ተው ልጄ። በአባትህ አጥንት ይዤሃለሁ።"

"አባቴን አታንሺ!"

እናቷ ግራ ክንዷን ወደ ግንባሯ አነሣች። የወንድሟ ትከሻ ወደ ኋላ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ቡጢው ክንዷን አልፎ ቅንድቧ ላይ አረፈ፤ ወደ ኋላ ተንገዳግዳ ከስፌት መኪናው ጠርዝ ጋር ተጋጨችና ወደቀች። ደሙ በያዘችው የተማሪ ልብስ አንገትጌ ላይ ጠብ ጠብ አለ።

ወንድሟ እጁን አገላብጦ አየው። ከዚያ ከኪሱ ሜትር አወጣና ተንበርክኮ የጠረጴዛውን ፍሬም ለካ።

"ስልሳ በአርባ አምስት" አለ ለራሱ። "አስቆርጬ አምጥቼ እገጥመዋለሁ። ስብርባሪውን በእጃችሁ እንዳትነኩት።"

ወጣ።

ሰፈሩ "ጠጋኙ" ይለዋል፤ በርና መስኮት በመሥራት የሚያህለው የለም። በዚህ ቤት ያልሰበረውና መልሶ ያልጠገነው ዕቃ የለም። በእርግጫ የበሳውን በር ራሱ ወፍራም ላሜራ በይዶበታል። ያንን የሥዕል ጠረጴዛም ቢሆን፣ ለእህቱ ሦስት እሑድ ሙሉ ለፍቶ የሠራላት እሱ ነው።

ልጅቷ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክራ የእናቷን ቅንድብ ያዘች። የራሷ ሌባ ጣት እያበጠ ነበር።

"ልቡ ደግ ነው" አለች እናቷ። "ንዴቱ ነው እንጂ።"

"ቅርቡን እመርጣለሁ፣ እማ። ትቼሽ አልሄድም።"

"የትኛው ይሻላል?"

"ምኑ?"

"ትምህርቱ ነዋ። ስለ እኔ አልጠየቅኩሽም።"

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። ለሁለቱም የላከችው አንድ ሥራ ነው፤ በእርሳስ የሣለችው፣ አሥራ ሁለት ሴኮንድ የሚሄድ። አንድ ወንድ ይመታል፣ አንዲት ሴት በክንዷ ትመክታለች። ማን እንደሆኑ ለማንም አልተናገረችም፤ እናቷም ሥዕሎቹን አገላብጣ አይታ "ወረቀት አታባክኚ" ብቻ ነበር ያለቻት።

"የቅርቡ መምህር እጅሽ ጥሩ ነው አለኝ። ስህተት አለበት ግን አለ። ሴትየዋ ትቀድማለች። የሰውዬው ትከሻ ሳይነቃነቅ ሁለት ሥዕል ቀድማ ክንዷን ታነሣለች። ሰው ያላየውን ምት አይመክትም፣ አስተካክይው አለኝ።"

"አስተካከልሽዋ?"

"ሞከርኩ። ሳስተካክለው አንቺን አልመስል አለ።"

እናቷ ጨርቁን ከእጇ ወስዳ ራሷ ያዘችው።

"የሩቋ መምህርት ሴት ናት፣ ትልቅ ሰው። ሦስት ጊዜ መልሳ አየችው። መነጽሯን አውልቃ 'ይህችን ሴት ቀድማ መመከት ማን አስተማራት?' አለችኝ።" ልጅቷ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የአባቷ ፎቶግራፍ አየች። ሲሞት አራት ዓመቷ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ እንደ እሱ ያለ ትሑት ሰው አልተፈጠረም ይላል። "እማ፣ አባዬ ይመታሽ ነበር?"

"ነፍሱን ይማር" አለች እናቷ።

ጨርቁን አጥፋ ንጹሑን ፊት ወደ ቁስሉ አዞረች።

"አባትሽ መጠገን አይችልም ነበር። ሰብሮ ይተኛል። ወንድምሽ የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ በድንጋይ ምስማር እየመታ ወንበሩን ያቆምልኝ ነበር። ጠዋት ስነሣ ሁሉ ነገር እንደ ነበረ እንዳገኘው..." አልጨረሰችውም። "እኔም ጎበዝ እለው ነበር።"

ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ልጅቷ እንደ ወትሮው ለወንድሟ ልትከፍትለት መሰላት። እናቷ ግን መቀርቀሪያውን ገፍታ ዘጋችው።

ብዙም ሳይቆይ የሚያውቁት ኮቴ ደረሰ።

"እማ፣ ክፈቺ። መስታወት ይዣለሁ፣ ልክክ ነው የሚለው።"

የእናቷ ግራ ክንድ ከጎኗ ተነሣ። ወደ ግንባሯ መንገድ ጀምሮ፣ ደረቷ ላይ ሲደርስ ቆመ። መልሳ አወረደችውና መዳፏን መቀርቀሪያው ላይ አሳረፈች።

"ደጅ አስደግፈው" አለች።

"ምን?"

"ግድግዳው ላይ አስደግፈውና ሂድ።"

"ማን ሊገጥመው ነው?"

"ማንም።"

እርግጫው በሩን አናጋው። ሁለተኛው የፎቶግራፉን ክፈፍ አዘነበለው። በሦስተኛው "በራሴ በር!" ብሎ ጮኸ፤ ራሱ የበየደው ላሜራ ግን አልበገር አለ። እናቷ ከበሩ አልራቀችም፤ ክንዷንም አላነሣችም። በመጨረሻ መስታወቱ በጥንቃቄ ግድግዳ ላይ ሲደገፍ ተሰማ፤ ከዚያ ኮቴው ራቀ።

ለስድስት አሥር ጉዳይ ሆኗል። ልጅቷ ስልኳን ከፈተች፤ ሁለቱ ስሞች አንዱ ከሌላው በላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ።

"ሙሉ ቀን ነው ያልሽው መንገዱን?" አለች እናቷ ፊቷን ከበሩ ሳታዞር።

"ሙሉ ቀን።"

"አውቶቡሱ የስፌት መኪና ይጭናል?"

ልጅቷ አታውቅም ነበር። ያበጠ ጣቷን የሩቁ ስም ላይ አሳረፈች።