ኮምፒውተሩ እስኪታደስ ወፍጮው ይቁም

«አዲሱ ዊንዶውስ ወጥቷል፤ አሁን ልጫን ወይስ ቆይቶ?» የሚለው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ብቅ ባለ ቁጥር እማማ አገኘሁሽ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። የልጅ ልጃቸው ዓይናዲስ «ቆይቶ» የሚለውን ስትጫን ደግሞ በሆዳቸው «ተመስገን» ይላሉ።

ሰቆጣ መናኸሪያ ፊት ለፊት ያለችው የጽሕፈት ሱቃቸው የቆመችው በዚያች በአንዲት ላፕቶፕ ነው። የአበርገሌና የሰሃላ ወረዳ መምህራን ፈተና የሚያስተይቡት እዚያ ነው። ዓይናዲስ የታተመ ወረቀት ለመሥሪያ ቤቶች ልታደርስ ስትወጣ ወንበሩን የሚይዙት እማማ አገኘሁሽ ናቸው። በልጅነታቸው እስከ ስድስተኛ ተምረዋል፤ ፋይል መክፈትና ማተም ያስተማረቻቸው ግን ይህችው ልጅ ናት። ቀስቷን ከታች ግራ ጥግ ወዳለችው ምልክት ወስደው ይጫናሉ፣ ዝርዝሩ ይከፈታል። ከዚያ ወዲያ እጃቸው መንገዱን ያውቀዋል።

«የሚሠራ ነገር ምን በወጣው ይነካል?» አሉ ጽሑፉ እንደገና ብቅ ባለበት በአንድ ጠዋት። «ቢጠፋብሽስ? የሰው ፈተና ይዘሽ ምን ልትሆኚ ነው?»

«ፋይሉን ሁሉ ሌላ ቦታ ገልብጬዋለሁ እኮ፣ እምዬ።»

«የተገለበጠውስ ቢጠፋ?»

«እሺ ይቅር፣ አልነካውም» ብላ ወረቀት ልትገዛ ወጣች።

እሺታዋ ፈጠነባቸው። ብርድ ነው፣ ደርበሽ ውጪ ሲሏት እንኳ ግማሽ ቀን የምትከራከር ልጅ ዛሬ በአንድ ቃል?

ወዲያው ጎረቤታቸው ሞባይል ጠጋኙ ሚፍታሕ አንድ ገጽ ሊያሳትም ገባ። ስክሪኑን አየና ራሱን ነቀነቀ። «እማማ፣ ይህን አሮጌውን ከእንግዲህ የሠሩት ሰዎች አይጠብቁትም። እዚህ የሚሰካው ፍላሽ ደግሞ ግማሹ ቫይረስ ነው። አንድ ቀን ፈተናውን ሙልጭ አድርጎ ይበላባችኋል።»

«ታዲያ ለእሷ አትነግራትም?»

«ነግሬያት! እኔ ጋ ሞክራው ወዳዋለች።» ሚፍታሕ አንገቱን አከከ። «የፈራችው ለእርስዎ ነው። ‹በአዲሱ ጥግ የነበረው መክፈቻ መሀል ገብቷል። እምዬ ደንበኛ ፊት ግራ ከገባቸው ያፍሩና ሱቁን ትተው ቤት ይውላሉ› አለችኝ። እሱ ነገረኝ እንዳይሉብኝ ብቻ።»

«እንቅፋቱ እኔ ነኛ!»

እማማ አገኘሁሽ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ፈቱ፣ እንደገና አጣፉ። እሳቸው ለእሷ ሲሰጉ እሷ ለእሳቸው ስትሰጋ ከርማለች። በዚህም ተናደዱ።

ልጅቱ ስትመለስ «ጫኚው» አሏት።

«ምኑን?»

«አዲሱን ነዋ። ዛሬ።»

«ሚፍታሕ ምን ብሎዎት ነው?»

«ሚፍታሕን ተይው። ጫኚው አልኩሽ!»

ዓይናዲስ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን ከፋት። «ባትሪው ሞቷል እኮ፣ እምዬ። ሲጭን መብራት ከጠፋ ይበላሻል። የዘበነ ወፍጮ በተነሳ ቁጥር ደግሞ የሰፈሩ መብራት ድርግም እንደሚል ያውቁታል።»

ይህማ እሳቸው የሚችሉት ሥራ ነበር።

ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ማሽላ የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል። ዘበነ ማብሪያውን ሊጫን እጁን ሲሰነዝር እማማ አገኘሁሽ «በማርያም፣ ተወው!» እያሉ ገቡ።

«ምነው እማማ፣ ሰው ሞተ?»

«የለም። የዓይናዲስ ኮምፒውተር ሊታደስ ነው። እስኪጨርስ እንዳታስነሳው።»

«ለኮምፒውተር ተብሎ ወፍጮ ይቁም?» አለች ከሰልፉ መሀል ዓለምብርሃን። «ልጆቼ ማታ ኮምፒውተር ይብሉ?»

«የልጆችሽን ፈተና ማን የሚያትመው መሰለሽ? ቢበላሽ ያ ትልቁ ልጅሽ ደስ ይለዋል፤ የምታለቅሽው አንቺ ነሽ።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ዘበነ እጁን አራገፈ። «እሺ፣ ለእርስዎ ስል። ሴቶቹን ግን እርስዎ ይቻሉልኝ።»

ሴቶቹ እህላቸውን እዚያው ትተው ተከተሏቸውና ሱቁ ደጅ ተኮለኮሉ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ክብ ትዞራለች።

«አሁንም ትዞራለች?»

«ትዞራለች።»

«ዱቄት የላት ምን የላት፣ በከንቱ ስትፈጭ!» አለች ዓለምብርሃን።

እማማ አገኘሁሽ ገመዱን ማንም እንዳይረግጠው ሶኬቱ አጠገብ ቁጭ ብለው በእግራቸው ከለሉት። ላፕቶፗ ጨልማ ስትነሳ «አለቀልን!» አሉ፤ ደግማ ስትጨልም ዓይናቸውን ጨፈኑ።

በመጨረሻ ተከፈተች። ፋይሉ ሁሉ እንደነበረ ነው። ዓይናዲስ እልል ልትል አፏን ከፈተችና አያቷን አይታ ተወችው።

«እስኪ ተነሺ» ብለው ተቀመጡ። እጃቸው በልማዱ ወደ ግራ ጥግ ሄደ። የአየር ጠባይ የሚናገር ሰፊ ገጽ ድንገት ተዘረጋባቸው።

«ዝናብ አለ ይላል?» አለች ዓለምብርሃን። ሴቶቹ ሳቁ።

እማማ አገኘሁሽ ጆሯቸው ጋለ። ነጠላቸውን ሰብስበው ሊነሱ ሲሉ የዓይናዲስን ፊት አዩት፤ አመድ መስሏል። ያን ፊት አይተው እንዴት ይነሱ?

«መሀል ላይ ነው፣ እምዬ፣ ከታች...»

«አትንገሪኝ!»

ከሰሃላ የመጣ ደግሰው የሚባል መምህር ፍላሹን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ወንበር ሳብና ተቀመጥ፣ መምህር። ዛሬ ቀስ እላለሁ» አሉት። «አንቺም ወረቀትሽን አድርሺ፣ አናቴ ላይ አትቁሚብኝ። ለዘበነም ንገሪው፤ የመምህሩን ካተምኩ በኋላ ያስነሳው።»

«አሁንም ሊቆም?» ብለው ሴቶቹ ጮኹ።

ዓይናዲስ እየሳቀች ወጣች። እማማ አገኘሁሽ አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ አስግገው፣ ከታች መሀል የተደረደሩትን ምልክቶች እንደ ፊደል ገበታ አንድ በአንድ በጣታቸው መጠቆም ጀመሩ።