ጓድ አብተው ያቆመው ሣር

አዳማ ውስጥ ሣርን እንደ ወታደር ቀጥ አድርጎ ያቆመ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ኃይለየሱስ ነኝ። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ሬዲዮ እጠግን ነበር። እጠግን ነበር ስል አሳነስኩት፤ ከሞጆ እስከ ዓለም ጤና ያለ የታመመ ሬዲዮ ሁሉ ገና ሲያየኝ፣ ሳልነካው መናገር ይጀምር ነበር።

አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ሽር ጉድ በሚባልበት ሰሞን ነው። ጎረቤቴ ወዬሳ፣ የምድር ባቡር አናጢው፣ ለቀበሌው ኤግዚቢሽን ከሞጆ አዳማ ያለውን መስመር በአንድ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ አሳንሶ ሠራ። ሐዲዱ የብረት ሽቦ፣ የቆቃ ሐይቅ መስታወት፣ ባቡሩ በሞላ የሚሄድ። ሣሩን ግን ሰጋቱራ አረንጓዴ ቀለም ነክሮ በኮላ ላይ በተነው። ሲደርቅ ቀለሙ ገርጥቶ ቢጫ ሆነ፤ ሣሩም ተኛ።

ጠረጴዛውን ቀበሌው አዳራሽ አስገብተን ሳለ ካድሬው ጓድ አብተው ሊያይ መጣ።

«ሣሩ ለምን ደረቀ?»

«ሰጋቱራ ስለሆነ ነው፣ ጓድ።»

«ጠላት ድርቅ ድርቅ እያለ በሚያወራበት ዓመት አንተ ደረቅ ሣር ታሳያለህ? ዝናቡን የከለከለው አብዮቱ ነው ልትል ነው?»

ወዬሳ መልስ ሳይጀምር የሽጉጡ እጀታ አፉ ላይ አረፈ። ጥርሱ ሐዲዱ ላይ ተንከባለለ። በግንባሩ ወድቆ መስታወቱን ሰነጠቀው፤ የቆቃ ሐይቅ ደም ሆነ። ጠባቂዎቹ በእርግጫ እየነዱ ወደ እስር ቤቱ ጎተቱት።

«ቅዳሜ ከአዲስ አበባ እንግዳ ይመጣል» አለ አብተው፣ ሽጉጡን በአዳራሹ መጋረጃ እየወለወለ። «ሣሩ ለምልሞ ቆሞ ካላገኘሁት፣ እንግዳው ሲመለስ ይህን ሰውዬ ይዞት ይሄዳል።»

በዚያ ዘመን ይዘውት የሄዱትን ሰው መልሰው ሲያመጡ ያየ የለም። የወዬሳ ሚስት መሰለች አብተው እግር ላይ ወደቀች፤ በቦት ጫማው ገፈተራት። ያኔ አፌ እንደ ልማዱ ቀደመኝ፦

«ሣሩን እኔ አቆመዋለሁ! ሣር ምን አላት? እኔ ዋርካ አቆማለሁ!»

ስንወጣ መሰለች የከንፈሯን ደም እየጠረገች፣ «አንተ የቤትህን በር ማቆም ያቃተህ ሰውዬ!» አለችኝ። «ባሌ በአንተ ጉራ ሊሞት ነው።»

ከፈረሰ ቴሌቪዥን ውስጥ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያወጣውን ትራንስፎርመር ፈታሁ። ኃይሉ ከቆቃ ግድብ ቢያንስ በትንሽ ነው! እንዳይገድል መንገዱ ላይ ኃይሉን የሚቀንስ ሬዚስታንስ ደረደርኩበት። አንዱን ጫፍ ከብረት የሻይ ማጥለያ ጋር አሰርኩ፤ እጀታውን ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ የብስክሌት ከመነዳሪ ጎማ ደጋግሜ ጠቀለልኩት። ሌላውን ጫፍ ከሐዲዱ ጋር አገናኘሁ። መሰለች የሠርግ መጋረጃዋን አረንጓዴ የናይለን ዘርፍ ሽፋሽፍት አሳክላ ከተፈችው።

«ስሚኝ» አልኳት። «እጀታውን እንጂ ብረቱን እንዳትነኪ። ግራ እጅሽ ኪስሽ ውስጥ ይቀመጥ፤ በሁለት እጅ ከነካሽው ኤሌክትሪኩ በልብ በኩል ነው የሚያልፈው። ካጠፋሽውም በኋላ ማጥለያውን ከሐዲዱ ጋር አነካክተሽ፣ የቀረውን እስኪተፋ ድረስ አትመኚው።»

«ቀሚሴ ኪስ የለውም።»

«እንግዲያው ከኋላሽ ደብቂው።»

ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ አዲስ ኮላ ቀብተን ሳለ አብተው ገባ። ግራ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር።

«እኔ ፊት እጅህን ኪስ ትከታለህ?»

ጥፊው ጂቡቲን አሳየኝ። ጠባቂው ጎኔን በሰደፍ ደገመኝ። ከአፍንጫዬ የፈሰሰው ደም በርሜል ይሞላ ነበር። እጄን አውጥቼ ወደ ኋላዬ ወሰድኩት፤ ማብሪያውን ጫንኩ፤ ናይለኑን የሞላሁበትን ማጥለያ ከኮላው በላይ ነቅነቅ አደረግሁ። ናይለኑ እየዘለለ ወረደ፤ ኮላው ላይ ሲያርፍም ቀጥ ብሎ ቆመ። የሜዳው ግማሽ ጸጉር አወጣ።

«ቆመ!» አለ አብተው። ከዚያ ፊቱን አጠቆረ። «እንግዳው ፊት የማቆመው እኔ ነኝ። ማን ሠራው ቢሉህ?»

«ጓድ አብተው። ግን ጓድ፣ ግራ እጅዎን ኪስ ውስጥ…»

«ኪስ? እኔን ዱርዬ አደረግኸኝ?»

«እሺ። ባቡሩ ግን ያለ ወዬሳ አይሄድም፤ ሞላውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።»

ወዬሳን ጎትተው አመጡት። ወፌ ላላ አስረው ገርፈውት የውስጥ እግሩ ተተልትሏል፤ ቆሞ መሄድ አልቻለም። ጠረጴዛው ሥር ጣሉት። መሰለች አላለቀሰችም፤ ነጠላዋን ቀዳ እግሩን ጠቀለለች።

እንግዳው ኮሎኔል ሙሉብርሃን ገባ። ግራ እጅ ሁሉ ወደ ላይ፣ «ኢትዮጵያ ትቅደም!»

«ጓድ ኮሎኔል፣ ይህን መሣሪያ የፈለሰፍኩት እኔ ነኝ!» አለ አብተው። አብርቶ ነሰነሰ፤ ሣሩ ቆመ። ኮሎኔሉ በግራ እጁ ሐዲዱ ላይ ተደግፎ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ደስ አለውና ቀኝ እጁን ዘረጋ።

ትልቅ ሰው እጁን ሲዘረጋልህ ቆይ ይባላል? አብተው ማጥለያውን ወደ ግራ እጁ አዛወረ። ከመነዳሪው በቀኝ እጁ ስለተያዘ፣ ግራው ያገኘው ብረቱን ነው። «ኧረ ጓድ!» ብዬ አፌን ስከፍት ጠባቂው በሰደፍ ዘጋልኝ። አብተው ጎንበስ ብሎ ጨበጠ።

ጧ!

ኮሎኔሉ ወንበሮቹን ገልብጦ ወደቀ። ቆቡ በረረ፤ ጸጉሩ ከሣሬ ይበልጥ ቆመ። የአብተው መንጋጋ ምላሱ ላይ ተዘጋ።

«ኮሎኔሉን ገደላቸው!» አሉ አጃቢዎቹ። አብተው ላይ ሰደፍ በሰደፍ ላይ ወረደበት። ክንዱ እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ሰማሁ። ኮሎኔሉ ተነሣ፤ እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ይንቀጠቀጣል።

«ምን ይዘህ ነው የጨበጥከኝ? ይህን የሠራው ማነው?»

አብተው አፉ ደም ሞልቶ በደህናው እጁ ወደ እኔ ጠቆመ። ምላሱ ግን አልታዘዝ አለው። «እኔ» የምትል ቃል ከሆዴ ተነሥታ ጉሮሮዬ ደረሰች፤ ይህችን ቃል ይዤ አድሬ አላውቅም። ወደ ታች ስመለከት የወዬሳን እግር አየሁ። ዋጥኳት። ልጅ የምወልድ መሰለኝ።

«እሱ ራሱ አሁን ነግሮዎታል፣ ጌታዬ» አለች መሰለች።

አብተውን ወዬሳ በተጎተተበት በር እየረገጡ ጎትተው አወጡት። እኔ ማብሪያውን አጠፋሁ፤ እጄን ኪሴ ከትቼ ማጥለያውን ከሐዲዱ ጋር አነካካሁ። ብልጭ ብሎ የቀረውን ተፋ። ኮሎኔሉ ወደ ኋላ ዘለለ፤ ሰው እንዳየበትም አወቀ።

«ባቡሩ ይሂድ!» ብሎ ጮኸ።

ወዬሳ በጉልበቱ ድሆ ሞላውን አጠበቀ። ባቡሩ በቆመው ሣር መካከል ከሞጆ አዳማ ሳይወድቅ ደረሰ።

«ይህ ሰው ምን አድርጎ ነው የታሰረው?»

መልስ የሚሰጠው ሰው እያቃሰተ ደጅ ነበር።

«ወደ ቤቱ ይሂድ!»

ወዬሳን ተሸክሜ ወጣሁ፤ ክብደቱ የሁለት በሬ ነበር። ጆሮዬ ሥር በተሰበረ አፉ፣ «ያን ማሽን ማን ሠራው?» አለኝ።

«ጓድ አብተው» አልኩ፤ ዘበኞቹ ገና ይሰሙን ነበር።

ጣቢያውን አልፈን ሰው በሌለበት ስንደርስ ግን አልቻልኩም።

«እኔ ነኝ! እኔ! እኔ ኃይለየሱስ!»

መሰለች በቀረችው ነጠላ አፌን አፈነችው።